ይጠይቁን፦ ከጡረታ በኋላ ወደ ደሴ ለአገልግሎት

ባለፈው እትም ቤተ ክርስቲያን ከጡረታ በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ለአገልግሎት ስለምትልካቸው ባልና ሚስቶች ትንሽ ነገር ብዬ ነበር። ትንሿ ነገር ብዙ ደብዳቤ አመጣች፤ አብዛኛው ስለ ደሴና ስለ ኮምቦልቻ ነው። ለማታውቁኝ፣ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ ደሴ እኖራለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ኮምቦልቻ እንዲህ ባለ አገልግሎት ቆይተናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የማንንም ስም አላወጣሁም።

«በዚህ ዕድሜ ምን ፈልገው ነው?»

ሰላም እትዬ። አባቴ 67፣ እናቴ 62 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት አርባ ምንጭ ነው። አባባ መምህር ነበር፣ እማማ የቤተ ክርስቲያኗን የሴቶች ኅብረት ትመራለች። አሁን ደሴ ያለች አንዲት ትንሽ አጥቢያ ሄደው ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ ተጠየቁ፣ እነሱም ወዲያው እሺ አሉ። አባባ ደም ግፊት አለበት። ወንድሜ ውጭ አገር ነው፣ ያለሁት እኔ ብቻ። በዚህ ዕድሜ ምን ፈልገው ነው? እንዴት ላስቀራቸው? — ልጃቸው፣ ከአዲስ አበባ

የኔ እህት፣ አታስቀሪያቸው። አይሰሙሽም። አባትና እናት እሺ ካሉ በኋላ ልጅ ስትጨቀጭቅ ትርፉ መኮራረፍ ነው። ምን ፈልገው ነው ላልሽው፣ አባትሽን ራሱን ጠይቂው። እኔ የማውቀው ስንት ዓመት ሙሉ «መምህር፣ መምህር» ሲባል የኖረ ሰው ጡረታ ወጥቶ ማንም ምንም የማይጠይቀው ቀን ፊቱ ምን እንደሚመስል ነው።

አሁን ጭንቀትሽን ሥራ አስይዢው። መጀመሪያ ከፍታው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ነው የተቀመጠችው፤ መንገዷ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት፣ ሜዳ የሚባለውን ፈልገሽ ነው የምታገኚው። እንደደረሱ ሻንጣ አንጠልጥለው ዳገት ቢወጡ ልባቸው ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ይላቸዋል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀስ ይበሉ፣ ውኃ ይጠጡ። የአባትሽ ግፊት ከመነሳቱ በፊት ይለካ፣ ከደረሰም በኋላ ቶሎ ቶሎ ይለካ፤ ከፍታውም ብርዱም ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒቱን የሁለት የሦስት ወር ይዞ ይምጣ፣ «ተሻለኝ» ብሎ በራሱ ጊዜ እንዳያቋርጥ ደግሞ እናትሽ ትቆጣጠረው (ወንዶቻችን ይህቺን ነገር ይወዷታል)። ደረቱን ካመመው ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው ግን «ከፍታው ነው» ተብሎ አይታለፍ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት።

ብርዱ ሌላ ነው። የአርባ ምንጭ ሰው ብርድ ሲባል ማታ ማታ ነጠላ መደረብ ይመስለዋል። እዚህ ጋቢ፣ ወፍራም ሹራብ፣ ካልሲ፣ ከባድ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ዝናቡም ክረምት ብቻ አይደለም፣ በልግም ይመጣል፣ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ፒያሳ ቆመሽ ማዶውን አታዪም። ጉልበት የሚያመው ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ቤቱን በተመለከተ ዝም እንዳትዪ። አብያተ ክርስቲያናት ለአገልጋይ ቤት ሲከራዩ ርካሹን ይመርጣሉ፣ ርካሹ ደግሞ ዳገት ላይ ነው። ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ባጃጅ በር ድረስ ይገባል ወይ፣ መጸዳጃው ከቤት ምን ያህል ይርቃል፣ መቀመጫ አለው ወይስ ቁጢጥ ነው። ሳቅሽ አይደል? የ67 ዓመት ሰው በደሴ ብርድ ሌሊት ተነስቶ፣ የግቢውን ደረጃ ወርዶ፣ መብራት በጠፋበት ቁጢጥ ሲል አስቢው። ቤታቸው ከወደቁ አረጋውያን ብዙዎቹን ያከምኩት እንዲህ ባለ ምክንያት ነው። የፕላስቲክ መቀመጫ ተሠርቶ ይሸጣል፣ አንቺ ግዢላቸው።

እናትሽ ደግሞ ባቄላውና ሽምብራው አልበስል ሲላት እንዳትናደድ። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ጥራጥሬ ጊዜ ይፈጃል። ፕሬዠር የምንለውን ድስት ይዛ ትምጣ።

ወረቀቱን አትርሱ። ከቀበሌያቸው መሸኛ ያውጡ፣ መታወቂያ ይያዙ። ጡረታቸው በንግድ ባንክ የሚገባ ከሆነ እዚህም ያወጡታል፣ ችግር የለውም። የአርባ ምንጩን እድር ግን እንዳያቋርጡ፣ ወርሃዊውን አንቺ ክፈዪላቸው። ሁለት ዓመት ቀርተው ሲመለሱ እንደ አዲስ ሰው መመዝገብ ደስ አይልም።

ጉዞውን በአንድ ትንፋሽ አያድርጉት። አንቺ ዘንድ ይረፉ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን። አቅም ካለሽ በአውሮፕላን ላኪያቸው፤ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው፣ ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ዳገት ይቀራል። በመኪና ከሆነ ግን የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሰሞን የሄደ ሰው ጠይቂ፣ በቀን ይጓዙ።

በቀን አንዴ ደውዪ። አምስቴ አትደውዪ።

«ሽማግሌ ምን ይሠራል?»

እኔ ኮምቦልቻ የምኖር ወጣት ነኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም አገለግላለሁ። በእውነት እንነጋገር ከተባለ አጥቢያችን የሚያስፈልጋት ጉልበት ያለው ሰው ነው። ሽማግሌ ባልና ሚስት ልከውልናል። ሰውዬው ሞባይል እንኳን በቅጡ አይችሉም። ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ? — እውነቱን ተናጋሪ

እውነቱን ተናጋሪ፣ ልጄ፣ ቀናቸውን ልንገርህ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ አዛኑም ኪዳኑም በድምፅ ማጉያ ይቀሰቅሳቸዋል። በዚያ ዕድሜ እንቅልፍ ድሮም የለም። ሁለቱ ተቀምጠው ይጸልያሉ፣ የአንተም ስም ሳይጠራ አይቀርም። ቁርስ ይበላሉ። ከዚያ እሳቸው ወጣቱን ወንጌላዊ አግኝተው አብረው መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ፣ ሚስታቸው ደግሞ ጎረቤት ይጠይቃሉ። አራት ሰዓት ላይ የታመመ ሰው አለ። ሆስፒታል የሚሄዱበት ቀን ከሆነ ከገጠር በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ አያጡም፤ ካርድ የት እንደሚወጣ፣ መድኃኒት የት እንደሚገዛ፣ ማታ የት እንደሚተኛ የማያውቅ። አብረውት ይሰለፋሉ። እኛ ቦሩ ሜዳም እንሄድ ነበር፣ ደሴ አጠገብ ያለው ለዓይንና ለሥጋ ደዌ ሕክምና የሚታወቀው ሆስፒታል ማለት ነው፤ እዚያ ተኝቶ ጠያቂ የሌለው ሰው ምንም ይዘህ ባትሄድ እንኳን ስሙን ጠርተህ ስትገባ ይነሳል።

ከሰዓት ለቅሶ አለ። ለቅሶ የሌለበት ሳምንት ካለ ንገረኝ። ወይ የተጣላ ባልና ሚስት አለ። ወይ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች። ፓርኩ 2009 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ስንት ሴት ልጆች አራት አምስት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ደመወዙ ትንሽ፣ ናፍቆቱ ብዙ፣ የቤት ጌታውም ጠባይ ሌላ። እሑድ ምሳ ላይ «ነይ ልጄ፣ ብዪ» የሚል የእናት ድምፅ ለእነሱ ምን እንደሆነ አንተ አታውቀውም፣ እናትህ ቤት ነው የምታድረው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ የሆነውን አንተም ታውቃለህ። ከተሞቹ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነጻ ቢወጡም የተዘረፈው ቤት፣ የጠፋው ሰው እንዳለ ነው። ልጁን ያጣ አባት ለ25 ዓመት ወንጌላዊ ምን ብሎ ይናገራል? ለእኩያው ነው የሚናገረው፣ ያውም አሥር ጊዜ ቡና ከጠጡ በኋላ፣ ያውም መሬት መሬት እያየ። በዚህ ሰዓት የሚፈለገው ጉልበት አይደለም። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል ሰው ነው፣ አንተ ደግሞ ዝም ማለት የምትወድ አልመሰለኝም።

ሞባይሉን አስተምራቸው። ሥራህ ነው።

«ቡና ልጠራቸው፣ ግን...»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። ጎረቤታችን ያሉ አባትና እናት ከቤተ ክርስቲያን ተልከው የመጡ ናቸው። ደጎች ናቸው ማሻአላህ። ልጄን እንግሊዝኛ ያስጠኗታል፣ እናቴን ያመማት ሌሊት ባጃጅ የጠሩልን እነሱ ናቸው። ባለቤቴ ግን «ዛሬ እንግሊዝኛ፣ ነገ ሌላ» ይላል። ቡና ልጠራቸው እፈልጋለሁ፣ የሃይማኖት ወሬ ግን አልፈልግም። ሳላስቀይማቸው ምን ልበል? — ጎረቤት

እንዲሁ ንገሪያቸው። «እማማ፣ አባባ፣ በሃይማኖት አንነካካ፣ በተረፈ ቤታችሁ ነው» በያቸው። ሳትፈሪ፣ ቡናው ሳይቀዳ። ትልቅ ሰው በዚህ አይቀየምም። የሚቀየሙ ከሆነም ቡናው ከመጀመሪያውም ለሌላ ነገር ነበር ማለት ነው፣ ያንንም ማወቅሽ ጥሩ ነው።

ስለ ልጅሽ ግን ባለቤትሽ እውነት አለው። የልጅ ሃይማኖት የወላጅ ነው። ጥናቱ በር ተከፍቶ፣ በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ብቻ ይሁን፣ ከፈለግሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ይህንን ለአንቺ ብቻ አይደለም የምጽፈው፣ ይህንን ገጽ ለሚያነቡ አገልጋዮች ሁሉ ነው። እኔ ወንጌል ይነገር ባይ ነኝ፣ ለዚያ ነው ቤቴን ዘግቼ የወጣሁት። የጠየቃችሁን ሰው መልሱለት። ያልጠየቃችሁን ሰው ግን በዘይት፣ በብርድ ልብስ፣ በልጅ ጥናት አትያዙት። የወሎ ሰው ገራገር ነው ሲባል ሞኝ ነው ማለት የሚመስለው እንግዳ አለ። ጠጋ ብለህ ምን እንደፈለግህ ከመቀመጥህ በፊት ያውቃል፣ በጨዋነት ዝም ይልሃል፣ በሚቀጥለው ቡና ግን አይጠራህም።

ደግሞም ይህ አገር በሃይማኖት ነገር ያየውን አይቷል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎን ሙስሊም ባላባቶች አስጠመቁ፤ ኢማም መሐመድ አሊ የነበሩት ሰው ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው ደሴን መናገሻቸው አደረጉ። ስለዚህ ዛሬም አያቱ መሐመድ የሚባል ክርስቲያን ታገኛላችሁ፣ አያቱ ክርስቲያን የነበረ ሙስሊምም እንዲሁ፤ አንዱ የሌላውን ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ የሌላውን ሠርግ ያበላል። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህንን ሳያውቅ «እናንተ እኮ» ብሎ ሲጀምር ቤቱ ውስጥ ስንቱን ዘመድ እንደነካ አያውቅም።

ከምግቡ ላይ ጥቂት፣ አገልጋዮች ስሙ። ሙስሊም ጎረቤት ስትጠሩ እናንተ ያረዳችሁትን ሥጋ አታቅርቡ፣ ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሻይ፣ ሽሮ ይበቃል። ድግስ ከሆነ የሙስሊሙን ሥጋ ሙስሊም ይረደው፣ ምጣዱም ድስቱም ለብቻ ይሁን፤ የወሎ ሠርግ ሁሌ እንዲህ ነው፣ ጎረቤት ጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፣ ነሐሴ ላይ ፍልሰታ፣ ከዚያም 55 ቀን ዐቢይ ጾም። አንዳንድ ዓመት ረመዳንና ዐቢይ ጾም ይገጣጠማሉ፣ ያን ጊዜ መንደሩ በሙሉ ጾሞ እናንተ በምሳ ሰዓት ሥጋ እየጠበሳችሁ ሽታውን በአጥር አትላኩት። ረመዳን ላይ ማታ ለማፍጠሪያ ቴምር ይዞ ብቅ ማለት ደግሞ ማንንም አይከብድም።

ለቅሶ ላይ ፈጠን በሉ። ሙስሊም ቤት ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ነው፣ «ነገ እንደርሳለን» ካላችሁ ቀብሩ ያመልጣችኋል። ሴቶች ቤት ይቀራሉ፣ ወንዶች ይሸኛሉ። «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ማለት ከአፋችሁ ምንም አያጎድልም።

አንቺ ግን፣ ጥሪያቸው። አቦሉን ጠጥተው እንዳይሄዱ፣ በረካው ድረስ ያዢያቸው።

«ሰው ሁሉ ቤታችን ነው»

ጸጋ ይብዛልዎ። 64 ዓመቴ ነው፣ ስኳር አለብኝ። ከባለቤቴ ጋር ደሴ ለአገልግሎት ከመጣን ሰንብተናል። ባለቤቴ ሲጸልይ፣ ሲመክር፣ ሲጠየቅ ይውላል። እኔ ስቀቅል፣ ስጋግር፣ ቡና ሳፈላ። ሳይደውል የማይመጣ ሰው የለም... ይቅርታ፣ ደውሎ የሚመጣ የለም ለማለት ነው። ስናገር «አገልግሎት ነው እኮ» ይለኛል። እኔስ የመጣሁት ለምንድነው? — የደከማት

እህቴ፣ ሳነበው ባለቤቴን «ስማ ይህንን» አልኩት።

ቤተ ክርስቲያን ባልና ሚስት ላክሁ ትላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የላከችው አንድ አገልጋይና አንድ ወጥ ቤት ነው። ስለዚህ ለባለቤትዎ ብቻ መንገር አይበቃም፣ ለአጥቢያው ሽማግሌዎችም ይነገር። በሁለታችሁም ፊት፣ በትሕትና፣ ግን ሳይለሰልስ። ሰኞ ቤታችን ዝግ ነው በሉ። በር ላይ የመጣ ሰው ሰላም ይባላል፣ ይሸኛል። በሌላው ቀን ጠያቂ ከስምንት ሰዓት በኋላ ይምጣ። ለእንግዳ ምሳ አይሠራም፣ ቆሎና ሻይ ይበቃል፤ የሴቶች ኅብረት ተራ አውጥቶ እንጀራውን ይጋግር። አፍረው እንዳይተዉት፣ እነሱ ጭራሽ ያላሰቡት ነገር ነው፣ ሲነገራቸው «ውይ» ነው የሚሉት።

ስኳሩን እንደ ነርስ ልንገርዎ። በየቤቱ ቡና ሲጠሩ ስኳር ተጨምሮበት ነው የሚመጣው፣ «ያለ ስኳር» ማለት ነውር አይደለም፣ ከመቀዳቱ በፊት ይናገሩ። ምግብዎን እንግዳ ስላለ አያሳልፉ፤ መርፌ ወይም ክኒን ወስዶ ሳይበሉ ሰው ማስተናገድ አደጋ አለው፣ ላብ ላብ ካለዎትና እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ይውሰዱ። እግርዎን በየማታው ያዩት፣ የደሴ ድንጋይ ጫማ ውስጥ ይገባል።

ለምን እንደመጡ ደግሞ እርስዎ ያውቁታል። በሳምንት ሁለት ከሰዓት የራስዎ የሆነ ሥራ ይውሰዱ፣ ሆስፒታል ይሁን፣ አራሶችን መጠየቅ ይሁን፣ ማንበብ የማይችሉ እናቶችን ማስተማር ይሁን። በዚያ ሰዓት ቤት የመጣ እንግዳ የባለቤትዎ ነው። ጋሼ ሻይ ማፍላት ካልቻሉ ውኃውን፣ ቅጠሉን፣ ቅርንፉዱን በቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይጻፉላቸው፣ ስብከት የሚያዘጋጅ ሰው ያንን ማንበብ አያቅተውም።

«ጡረታችን ይበቃናል?»

ቤተ ክርስቲያን ኪራይ ትከፍላለች፣ ሌላው ከጡረታችን ነው። እንዴት ትመክሪናለሽ? — ባልና ሚስት፣ ከአዳማ

በራስ ወጪ ማገልገል በሌላም አገር አለ፤ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን (ሞርሞን የሚባሉት) ለምሳሌ አረጋውያን ባልና ሚስቶችን ከ6 እስከ 23 ወር ትልካለች፣ ወጪውን የሚሸፍኑት ራሳቸው ናቸው። የእነሱና የእኛ ጡረታ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡት፦ ለኪራይ ማን ነው ተጠያቂው፣ ኪራይ ቢጨምርስ፣ ብንታመም ማን ያሳክመናል፣ ለለቅሶና ለታማሚ ጥየቃ የሚወጣው ብር ከማን ነው። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ጡረታውን የሚበላው ግን እሱ ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድማ። የጤና መድን ካላችሁ የተመዘገባችሁት አዳማ ስለሆነ ደሴ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ወይም እዚህ መዛወር ይችል እንደሆነ ወረዳችሁን ጠይቁ፣ የእድሳት ጊዜውንም አታሳልፉ።